ቅጠል የሌላትን አበባ ማን ያበላታል?

ደቡብ አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ፈረንሳይ ጉያና የምትባል ግዛት አለች። አብዛኛው መሬቷ ደን ነው። ዛፎቹ ሰላሳና አርባ ሜትር ተመዘው አናታቸው ላይ ቅጠላቸውን ገጥመዋል። መሬት ድረስ የሚወርደው ብርሃን ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። እታች ያለው የረገፈ ቅጠል ብቻ ነው፤ ቡናማ፣ እርጥብ፣ እግር የሚሰምጥበት።

ከዚህ ሁሉ ቡናማ መሃል አንዳንዴ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቅ ትላለች። ቆሞ ለሚያያት ሰው የከረሜላ ወረቀት የወደቀ ይመስለዋል። አበባ መሆኗ የሚገባው ጎንበስ ሲል ነው። ስንዝር አትሞላም። ግንዷ ቀጭን ነው፣ የነጣ፣ ንፋስ የሚያወዛውዘው። አናቱ ላይ አምስት ጫፍ ያላት አንዲት አበባ ተቀምጣለች። ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተለጠፉ፣ የዓሣ ቅርፊት የሚመስሉ ነገሮች አሉ። በቃ። ቅጠል የላትም። አረንጓዴ የሚባል ቀለም ጭራሽ አልነካትም።

ስሟ ቮይሪያ ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ። ተክል በቅጠሉ ብርሃን ይቀበላል፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፣ ከመሬት ውኃ ይስባል፣ ከዚያ ስኳር ይሠራል። ለዚህ ሥራ አረንጓዴ ሐመልሚል ያስፈልገዋል። ቮይሪያ ሐመልሚል የላትም። ስኳር አትሠራም። ግን ትበቅላለች፣ ታብባለች፣ ታፈራለች። ታዲያ ማን ያበላታል?

የሰው ልጅ ለዚህ ጥያቄ ደህና መልስ ለማግኘት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። መሃል ላይ ደግሞ የተሳሳተ መልስ ይዞ በልበ ሙሉነት ረጅም ጊዜ ኖሯል። እኔን የሳበኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ዘመዶቿን እንወቅ። ቮይሪያ የጄንሺያን ቤተሰብ አባል ናት። ቤተሰቡ ትልቅ ነው፤ ከ1,700 በላይ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ አረንጓዴ ቅጠል ያላቸው፣ በራሳቸው ሠርተው የሚያድሩ ተክሎች ናቸው። በጣም የታወቀው የአውሮፓ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ቢጫው ጄንሺያን ነው። ሥሩ ኮሶን የሚያስንቅ መራራ ስለሆነ ለመድኃኒትና ለመጠጥ ማጣፈጫ ይውላል። (መራራ ነገር ለማጣፈጫ መዋሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጌሾም አለልን እንግዲህ።)

ቮይሪያ ራሷ ሃያ የሚሆኑ ዝርያዎች አሏት። ከአንዷ በቀር ሁሉም የሚገኙት በአሜሪካ አህጉር ሞቃት ክፍል ነው፤ ከደቡብ ፍሎሪዳና ከሜክሲኮ ተነስቶ፣ በካሪቢያን ደሴቶች አድርጎ፣ እስከ ብራዚል። ብዙዎቹ ግን የተከማቹት ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ነው። ቀለማቸው ይለያያል። ቮይሪያ ሴሩሊያ ሰማያዊ ናት፤ ስሟም በላቲን ያንኑ ነው የሚለው። ቮይሪያ ሮዜያ ሮዝ ናት። ቮይሪያ አፊላ ቢጫ ናት፤ "አፊላ" ማለት ደግሞ በግሪክ "ቅጠል የለሽ" ነው። ሁሉም ቅጠል የለሽ ሆነው ሳለ ስሙን ለአንዷ ብቻ መስጠታቸው ትንሽ አድልዎ ይመስላል።

ለዓለም ሳይንስ መጀመሪያ ያስተዋወቃት ፊውዜ ኦብሌ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሙያው ፋርማሲስት ነበር። በ1760ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጉያና ሄዶ ሁለት ዓመት ገደማ ተክል ሲለቅም ቆየ። በ1775 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቮይሪያን እንደ አንድ ራሷን የቻለች ወገን መዘገባት። ስም ሰጣት፣ መልኳን ገለጸ። ኑሮዋን ግን በዚያን ጊዜ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች እንዲህ አሰቡ። ተክሏ አረንጓዴ አይደለችም። የምትበቅለው በበሰበሰ ቅጠል መሃል ነው። ስለዚህ የምትበላው ብስባሽ ነው። "ሳፕሮፋይት" አሏት፤ የበሰበሰ የሚበላ ተክል ማለት ነው። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የሚያሳምን ነገር ሁሉ ልክ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሳይንስ ባላስፈለገን ነበር። ይህ ስም በመማሪያ መጽሐፍ ገብቶ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀምጧል። በ1986 ስለ ቮይሪያ የወጣው ዋናው ጥናት እንኳን ርዕሱ ላይ "ሳፕሮፋይት" የሚል ቃል ይዞ ነው የወጣው።

ችግሩ ምንድን ነው? አንድ የአበባ ተክል የወደቀ ቅጠል አፍርሶ፣ ስኳሩን አውጥቶ፣ በሥሩ መምጠጥ አይችልም። ያ የፈንገስና የባክቴሪያ ሥራ ነው። ቮይሪያ ብስባሽ ላይ መብቀሏ ብስባሽ ትበላለች ማለት አይደለም። ሥጋ ቤት ደጃፍ የቆመ ሁሉ ሥጋ ገዢ አይደለም።

መልሱ ያለው ከመሬት በታች ነው።

ተክሏን ቀስ ብሎ ከነሥሯ ያወጣ ሰው የሚያየው ነገር ግራ ያጋባዋል። ሥር ሲባል እኛ የምናስበው ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅርንጫፍ ያለው፣ አፈር ውስጥ ርቆ የሚሄድ ነገር ነው። ውኃና ማዕድን ፍለጋ ነዋ የሚሄደው። የቮይሪያ ቴኔላ ሥር ግን አጭርና ወፍራም ነው። ብዙ ሆነው ከአንድ ቦታ ዙሪያውን ይወጣሉ፤ ባንድ ላይ ሲታዩ ኮከብ ይመስላሉ። የትም አይሄዱም። ምንም ፍለጋ ላይ አይደሉም። ይህ ሥር ምግብ እስኪመጣለት ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ቀጭን አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ላየው ደግሞ ውስጡ በፈንገስ የተሞላ ነው። ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የፈንገስ ክር ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ እንደ ተጠቀለለ ልቃቂት ጥምዝ ጥምዝ ብሏል። ቆይቶ ያ ልቃቂት ይኮማተራል፣ ይፈራርሳል። ቮይሪያ የምትበላው ፈንገሱን ነው።

እሺ፣ ፈንገሱስ ከየት አመጣው? ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው።

ከአሥር የምድር ተክሎች ሰባቱ የሚሆኑት ሥራቸው ውስጥ አንድ ዓይነት ፈንገስ ያኖራሉ። በቆሎም፣ ማሽላም፣ ቡናም እንዲሁ ናቸው። ሽርክናው ዕድሜው ከ400 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ውሉ ቀላል ነው። ፈንገሱ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ሥር የማይደርስበት ቦታ ይገባል። ከዚያ ፎስፈረስ ለቅሞ ያመጣል። ተክሉ ደግሞ በለውጡ ስኳርና ስብ ይከፍለዋል። ሂሳቡ ቀላል አይደለም፤ ተክሉ ከሠራው ምግብ ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ወደ ፈንገሱ ይሄዳል ተብሎ ይገመታል። እንደ ግብር ቁጠሩት።

ይህ ፈንገስ ከሌላው ዓይነት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ብስባሽ በልቶ መኖር አይችልም። እንጨት አይሰብርም፣ ቅጠል አያፈርስም። ስብ እንኳን ከባዶ መሥራት አይችልም፤ ከተክል ነው የሚቀበለው። ሕያው ተክል ከሌለ ይሞታል። ይህን ከያዝን ቀሪው ሂሳብ ራሱ ይመጣል። ቮይሪያ የምትበላው ፈንገሱን ከሆነ፣ ፈንገሱ ደግሞ የሚበላው ከሕያው አረንጓዴ ተክል ብቻ ከሆነ፣ ቮይሪያ ውስጥ ያለው ስኳር በመጨረሻ የተሠራው አርባ ሜትር ላይ፣ ዛፉ አናት ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ነው። ፈንገሱ ደላላ ነው። ከዛፉ ተቀብሎ ይዞ ይወርዳል። ቮይሪያ ደላላውን መንገድ ላይ ትጠብቀዋለች።

እዚህ ድምዳሜ ላይ መድረስ ግን በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። ፍንጩ የመጣው ከቮይሪያ ሳይሆን ከሌላ ነጭ ተክል ነው። ሞኖትሮፓ ትባላለች፤ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ደን ውስጥ የምትበቅል፣ እሷም ሐመልሚል የሌላት። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ፍራንሲሼክ ካሚየንስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ሥሯን ፈንገስ እንደ ጓንት እንደሸፈነው አየና፣ ምግቧ በፈንገሱ በኩል ሳይመጣ አይቀርም አለ። ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1960 ኤሪክ ቢዮርክማን የተባለ ስዊድናዊ ነገሩን በሙከራ ፈተነው። ጨረር አመንጪ ካርቦን ያለበት ስኳር ዛፍ ላይ ወጋ። ከቀናት በኋላ ጨረሩን ዛፉ አጠገብ ባለችው ሞኖትሮፓ ውስጥ አገኘው። እንደ ምልክት የተደረገበት ብር ነው። እዚህ ኪስ ገባ፣ እዚያ ኪስ ወጣ።

በ1994 ጆናታን ሊክ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ አሮጌው ስም ይቅር ብሎ ጻፈ። እነዚህን ተክሎች "ማይኮሄትሮትሮፍ" እንበላቸው አለ፤ በፈንገስ በኩል ከሌላ የሚመገቡ ማለት ነው። ስሙ አፍ ላይ ይከብዳል፤ ግን እውነቱን ይናገራል።

የሞኖትሮፓ ፈንገስና የቮይሪያ ፈንገስ ግን ዓይነታቸው ይለያያል። ስለዚህ ቮይሪያ ራሷ መፈተሽ ነበረባት። በ2002 በማርቲን ቢዳርቶንዶ የተመራ ቡድን የቮይሪያንና የሌሎች መሰሎቿን ሥር ወስዶ ውስጡ ያለውን ፈንገስ በዲኤንኤ ለየው። ውጤቱን ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። ያገኙት ያንኑ ከዛፎችና ከሰብሎች ጋር የሚሸረከውን የፈንገስ ወገን ነው። ደግሞም ተክሎቹ ያገኙትን ሁሉ አይቀበሉም፤ ይመርጣሉ። ዝምድናቸው የተቀራረበ ጥቂት ፈንገሶች ላይ ነው የሚያተኩሩት። መምረጥ የጥገኛ ጠባይ ነው። ሌባ ሰፈር ይለያል እንደሚባለው።

"ሌባ" ካልኩ አይቀር፣ ጥገኛ ተክል ሲባል እኛ አገር ቀድሞ የሚታሰበው አቀንጭራ ነው። የማሽላ ገበሬ ጠላት። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። አቀንጭራ ቅጠሏ አረንጓዴ ነው። ሲያዩዋት ሠርታ የምትበላ ትመስላለች። ከመሬት በታች ግን ሥሯን ማሽላው ሥር ውስጥ ሰክታ በቀጥታ ትመጥጣለች፤ ማሽላው ይጫጫል። ቮይሪያ ደግሞ አንድም አረንጓዴ ነገር የላትም፤ ሙሉ በሙሉ የሰው እጅ ነው የምታየው። ሆኖም የማንንም ሥር አትነካም። ከዛፉ ጋር ጭራሽ አይተዋወቁም።

እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ምስጢር ግን አለ። ተክሎች ፎስፈረስ ሲቸግራቸው በሥራቸው በኩል አንድ ኬሚካል ወደ አፈር ይለቃሉ። "ስትሪጎላክቶን" ይባላል። በ1960ዎቹ ሲገኝ የታወቀው የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅስ ነገር ሆኖ ነው፤ ስሙም ከአቀንጭራ ሳይንሳዊ ስም ከስትሪጋ የመጣ ነው። ግን ማሽላ ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ለምን ይለቃል? መልሱ በ2005 መጣ። ኬሚካሉ ለፈንገሱ የሚደረግ ጥሪ ነው! "ና፣ ፎስፈረስ አምጣልኝ" ነው ነገሩ። አቀንጭራ ይህን የሌላ ሰው ስልክ ጠልፋ ነው የምትሰማው። የማሽላን ይህን ጥሪ በመቀነስ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣት የሚታወቁት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል። አቀንጭራ ጥሪውን ትጠልፋለች፣ ቮይሪያ ደግሞ ተጠሪውን። ሁለቱም የሚያርፉት አንድ ጥንታዊ ውል ላይ ነው።

ቮይሪያ ታዲያ ለፈንገሱ ምን ትሰጠዋለች? እስካሁን ሰጠች የተባለ ነገር የለም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው "አታላይ" የሚላት። እኔ ግን በዚህ ስም ብዙ አልስማማም። ሂሳቡን እንየው። አንድ ግዙፍ ዛፍ በዓመት ወደ መሬት የሚያወርደው ስኳር አለ። ከዚያ ውስጥ አንዲት ስንዝር የማትሞላ አበባ የምትወስደው ምን ያህል ነው? ሠርግ ቤት ገብቶ አንድ ጉርሻ የሚጎርስ ሰው ድግሱን አያጎድልም። ተፈጥሮም ጉርሻው ትንሽ ሆኖ እስከቀረ ድረስ ዝም ያለች ትመስላለች።

ሆኖም ርካሽ ኑሮ አይደለም የመረጠችው። ዘሯን ብቻ እንይ። ባቄላ ዘሩ ውስጥ ስንቅ ይዞ ነው የሚወለደው፤ ቅጠል እስኪያወጣ የሚያቆየው ምግብ አለው። የቮይሪያ ዘር አቧራ ነው። እፍ ቢሉት የሚጠፋ። ስንቅ የለውም። ወድቆ ያረፈበት ቦታ ላይ ትክክለኛው ፈንገስ ካልነካው በቀር የትም አይደርስም። ያ ፈንገስ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከሕያው ዛፍ ጋር የተገናኘ መሆን አለበት። ስለዚህ ዘሩ በብዛት ይረጫል፣ አብዛኛው ይባክናል። የዕፅዋት ማዕከላት ቮይሪያን እንደ ኦርኪድ በማሰሮ ተክለው የማያሳዩትም ለዚህ ነው። እሷን ለማሳደግ ዛፉንና ፈንገሱንም አብሮ ማሳደግ ያስፈልጋል። ደርቃ መዝገብ ውስጥ ስትቀመጥ ደግሞ ያ ሰማያዊ ቀለም ይጠፋል።

ቅጠል መተው ትልቅ ውሳኔ ነው፤ አንዴ ከተሄደ መመለሻ ያለው አይመስልም። ብርሃን የማይቀበል ተክል ያንን ሥራ የሚመሩ ዘረ መሎች አያስፈልጉትም፤ በጊዜ ብዛት እየተበላሹ ይጠፋሉ። በግንዷ ላይ የአየር ቀዳዳዎች እንኳን ከሞላ ጎደል የሉም። የሚገርመው ግን ይህን መንገድ የሄደችው እሷ ብቻ አለመሆኗ ነው። እዚያው ደን ውስጥ ቮይሪዬላ የምትባል ሌላ ትንሽ ነጭ አበባ አለች። እሷም ጄንሺያን ናት፣ እሷም ቅጠል የላትም፣ እሷም ፈንገስ በል ናት። ሰው እህትማማቾች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ዲኤንኤያቸው ግን ሩቅ ዘመዳሞች እንደሆኑ አሳይቷል። ለየብቻቸው፣ በየራሳቸው ጊዜ፣ አረንጓዴነትን ጣሉ። በጄንሺያን ቤተሰብ ውስጥ ይህ ነገር ቢያንስ አራት ጊዜ ሆኗል፤ ሁለቱ አሜሪካ፣ አንዱ አፍሪካ፣ አንዱ እስያ።

አፍሪካ ካልን፣ ከቮይሪያ ዝርያዎችም አንዷ፣ ቮይሪያ ፕሪሙሎይደስ፣ ያለችው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ግን የለችም። አትላንቲክን እንዴት ተሻገረች? ሁለቱ አህጉሮች የተለያዩት ከመቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የጄንሺያን ቤተሰብ ደግሞ ዕድሜው ከዚያ ያንሳል። አብረው ቆመው ሳለ የተከፈለች ናት ማለት አያስኬድም። ወይ ያ አቧራ የመሰለ ዘር ውቅያኖሱን ተሻግሯል፣ ወይ ዓለም ሞቃት በነበረበት ዘመን በሰሜን በኩል ዞራ መጥታለች።

አሁን ወደ ፎስፈረስ እንመለስ። የደላላው ንግድ ሁሉ የቆመው በፎስፈረስ እጥረት ላይ ነው። ገበሬው ለዓመታት ዳፕ እያለ የገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ዋና ነገር ይኸው ፎስፈረስ ነው። በሞቃት ዝናባማ አገር ያረጀ ቀይ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ይይዙታል፤ ዛፉ በራሱ ሥር ሊያገኘው ይቸገራል። ስለዚህ ፈንገሱን ይቀጥራል፣ ደህና ይከፍለዋል። አፈሩ ፎስፈረስ ከጠገበስ? ዛፉ ደላላ አያስፈልገውም። ክፍያውን ይቀንሳል። ፈንገሱ ይደኸያል። የፈንገሱን ጉርሻ የምትጠብቀው ደግሞ የመጀመሪያዋ ተጎጂ ትሆናለች።

ፓናማ ውስጥ እነ ሜርሊን ሼልድሬክ ይህን በሜዳ ፈተኑት። በ2017 ባወጡት ጥናት ፎስፈረሳቸው የተለያየ ብዙ የደን ቦታዎችን እየዞሩ ቮይሪያንና መሰሎቿን ቆጠሩ። በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ተክል በቀላሉ የሚያገኘው ፎስፈረስ ከ2 ሚሊግራም በላይ የሆነበት ቦታ ላይ አንዷንም አላገኙም። በኩንታል ሲሰላ ሁለት አሥረኛ ግራም ነው፤ በሁለት ጣት የምትቆነጠር ጨው። ከዚያች ቁንጥር በታች ከሆነ ልትኖር ትችላለች። ከዚያ በላይ ግን የለችም።

እዚያው ፓናማ ውስጥ ለዓመታት ማዳበሪያ ሲበተንበት የቆየ የሙከራ ደንም አለ። እሱንም አዩት። ፎስፈረስ በተጨመረባቸው ቁርጥራጭ ቦታዎች ዛፎቹ ቆመዋል፣ የረገፈው ቅጠልም እንደ ሌላው ቦታ ቡናማና እርጥብ ነው። ለቆመ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ተንበርክከው ሲቆጥሩ ነው ትንንሾቹ አበቦች መጥፋታቸው የታወቀው።